ገመድ ጎታች

ቅዳሜ ሲነጋ፣ መንጋት ከተባለ፣
ቶርጌር ሐይቁን በስቶ፣ በዘንግ እየለካ፣ «አርባ ሁለት» አለ።
አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር የበረዶ ውፍረት፣
መኪና ይሸከማል፣ የክለቡን ሰዎች ከነሙሉ ክብደት፤
ከሥሩ ዓሣው አለ፣ ጨለማው፣ ጥልቀቱ፣
እኛን ያሳሰበን የላይኛው ነበር፣ የሰማይ መከፈቱ።

እኔ የገመዱ ነኝ። ሐይቁ ጫፍ ላይ ያለች አሮጌ ሞተር፣
በብርድ ጠዋት ላይ የማትነሣ፣ ካልተለመነች በቀር፣
አንድ ሺህ ሜትር ሽቦ ሆዷ ላይ ጠምጥማ
እኔን ትጠብቃለች፣ ልክ እንደ እኔው ቆዝማ።

ከዚያ ጉም ወረደ፤ ተራራው ተዋጠ፣
ቅዳሜያችን ሁሉ በእንጨቷ ጎጆ ውስጥ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ።
የአተር ሾርባ ጠጣን፣ ካልሲ አደረቅን፣
የአየሩን ጠባይ በየሩብ ሰዓቱ ሬዲዮ ጠየቅን፤
ጉንቮር የክንፉን ውርጭ በፕላስቲክ ፋቀች፣
ስትጨርስ ሌላ ውርጭ ያዘው፤ ደግማ ፋቀች፣ ሳቀች።
ስለ መብረር ሰምቶ የሚቀናብን ሰው
ቅዳሜ ቢመጣ፣ ጓንት፣ አካፋና ሾርባ ነው የሚያየው።

አስላውግ ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም፤
ሰባ አራት ዓመቷ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ብቻዋን አትበርም፤
ሐኪም ዓይኗን አይቶ ወረቀት ፈረመ፤
«ፊርማ ነው» አለችን፤ ስለ ሾርባው ጨው ማነስ ብዙ አማረረች፤ ነገሩ በዚያው ተደመደመ።
ነገ ከኋላ ወንበር ትሆናለች። ከፊት ሲቨርት፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤
ያስተማረችው እሷው፤ ፈቃዱ ገና ትኩስ፣ የወንድሙ ነው ኮቱ።

እሑድ ግን ነፋሱ ከምዕራብ ዞረ፣
ጉሙን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ወሰደ፤ ተራራው ባለበት፣ በቦታው ነበረ።
ከጫፉ ማዶ ላይ አንድ ደመና ቆሟል፣ የተደፋ ሰሐን፣
ነፋስ ያልፍበታል፣ እሱ ግን አያልፍም፤ እንደ ዳኛ ሆኖ ከላይ የሚያየን።
ወንዝ ድንጋይ ሲያገኝ ዘሎ እንደሚያብጠው
ነፋስም ተራራ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲቨርት የሚፈልገው ያን እብጠት ነው፤
ሞተር የሌለው ሰው ሌላ ምን አለው?

ጉንቮር ክንፉን ያዘች። ሽቦው ተወጠረ።
በሬዲዮ የመጣው የአስላውግ ድምፅ ነበረ፤
«ቀስ አትበል» አለችኝ።

እጀታውን ገፋሁ። ሞተሬ አገሳች፣
በረዶው ላይ ያለች ነጭ ነገር ሮጠች፣ ቀለለች፣ ተነሣች።
መዳፌ ያውቀዋል የሰው ክብደት ሲሄድ፣
በሽቦው ይመጣል፤ ዓሣ እንደ ነከሰው የመንጠቆ ገመድ።
ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ሰማይ ሰቀልሁ፣
እኔ ግን ከዚች ወንበር ስንዝር እንኳ አልራቅሁ፤
ለምን ሲሉኝ «ከፍታ እፈራለሁ» እላለሁ፤
ሁሉም ይስቃሉ። እውነቴን ነው ግን፤ እፈራለሁ።

አራት መቶ ሜትር። አምስት መቶ። ከዚያ
ሽቦው ባዶ ሆነ።
«ለቀቅን» አለች። ልጁ አልነበረም፤ እሷ።
ሃምሳ ዓመት ያለቻት ተራ ቃል ነበረች፤ ዛሬ ግን ከበደች ስትወጣ ከምላሷ።

በስምንት ሰዓት ተኩል እኛ ዘንድ መሸ፤
ጥላ ከተራራው ወርዶ ሐይቁን ሲያለብስ፣ ብርሃኑ ወደ ላይ፣ ወደ እነሱ ሸሸ።
ሲቨርት ኋላ እንዳለኝ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር፤
እሷ ግን መርፌው ሳይነሣ «አሁን» ትለዋለች፤ መርፌው ይነሣል፤ ወንበሯ ነው መሰል የሚነግራት ነገር።

ወረዱ። ክንፉ ታጠፈ። ሌላው ሰው እስኪሄድ ጠብቄ
«ምን አየሽ?» አልኳት፤ በሃያ ሦስት ዓመት የመጀመሪያው ጥያቄ።
«ምንም» አለች። «ነጭ፣ ሰማያዊ። ከሐይቁ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ያየሁ መሰለኝ፤
አንተ ነህ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። ወይስ አላየኸኝ?»

ያን ሰዓት እኔ ጎንበስ ብዬ ነበር፤
የወደቀ ሽቦ ከበረዶው ላይ እየጠቀለልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ወትሮው ነገር።
«አይቼሻለሁ» አልኩ። ከሥራችን ሐይቁ አጉረመረመ፤
ብርድ ሲከርርበት ማታ ያደርገዋል፤ ቶርጌር ብቻ ሰምቶ፣ መሰርሰሪያውን እንደ ያዘ ቆመ።